ድንጋይ አታምጡ

«ድንጋይ አታምጡ» ብዬ የተናገርኩት በአማርኛ ነው። ያውም በቡሬ አማርኛ። መሬቱን በእንጨት እየጫርኩ፣ በእጄ እየለካሁ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እየዘለልኩ ነው የተናገርኩት። መዝለሌ ለቀልድ አልነበረም። ደንገላት ደሴት ላይ አንድ ሰው በዚህኛው ጫፍ ሲዘል በወዲያኛው ጫፍ በጣሳ የተቀመጠ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ይህን በዓይናቸው ይዩት ብዬ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ባሉበት ቀሚሴን ሰብስቤ ዘለልኩ። ውሃው ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብለው አዩት። «እውነትሽን ነው፤ ጉድ እኮ ነው!» አሉ። ድንጋይም ሲሚንቶም ወደ ደሴቷ እንዳይገባ ተስማሙ፣ አጨበጨቡ፣ መረቁኝ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ፤ ድንጋይ አመጡ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ዝም ብዬ የምነጫነጭ ይመስላችኋል። ያምሮት እባላለሁ። ሥራዬ የቤት ንድፍ ነው። ፍኖተ ሰላም ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ጠባብ ቢሮ አለችኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን ቡሬ ነው። ደንገላት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባጃጁ «ከዚህ አላልፍም» ሲል ወርደው በእግር ቁልቁል የሚሄዱበት አገር ነው። ታች ትንሽ ሐይቅ አለች፤ ዙሪያዋን ደንገል የወረሳት። ከሐይቋ ዳር፣ ጠንካራው መሬት ላይ፣ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች። ሐይቋ መሀል ደግሞ ደሴቷ አለች። በባሕር ዛፍ ግንድ በተሠራ ቀጭን ድልድይ ነው የሚሻገሯት።

ደሴት ስላችሁ አለት እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ጭቃ ናት፤ የዛፍ ሥር እርስ በርሱ ተቆላልፎ የያዘው ጭቃ። ዶቅማው፣ ብሳናውና ሾላው ሥራቸው ቢበጠስ ደሴቷ በአንድ ክረምት ውሃው ውስጥ ሟሙታ ትቀራለች። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ እዚያ መጥረቢያ አይገባም፣ ከብትም አይገባም። የሚኖሩባት ጥቂት መነኮሳይያት ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዷ የአባቴ ታላቅ እኅት፣ እማሆይ ማርያማዊት ናቸው። የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ይበቃል» ይላሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም።

የእነዚህ እናቶች ጎጆዎች አርጅተዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስሳሉ። የደብሩ ሰው ይህ ከነከነውና ለእናቶች አንድ የጋራ ቤት እንሥራላቸው አለ። የእማሆይ የወንድም ልጅ ቤት ትነድፍ የለም እንዴ ተባለና እኔ ተጠራሁ።

እኔ ደግሞ አንድ አመል አለኝ። ሕዝብ ያልመከረበትን የሕዝብ ቤት አልሠራም። በየከተማው ስንት አዳራሽ አይቻለሁ፤ ሰው ዞር ብሎ የማያየው፣ ፍየል ከዝናብ የሚጠለልበት። ስለዚህ ወደ ደንገላት ንድፍ ይዤ አልሄድኩም፤ ባዶ እጄን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለው ዋርካ ሥር እየተቀመጥን እሑድ በእሑድ ተማከርን። የጎጃም ሰው ሲማከር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ያነሳዋል። ሌላው በቅኔ ወጋ አድርጎ ይቀመጣል። ሦስተኛው የተወጋውን ለማስረዳት ይነሳል። የበሩን ስፋት ብቻ ስንት እሑድ እንደፈጀን አልነግራችሁም። ሠርግ የሚገባበት ይመስል ሰፊ በር ይሁን ተባለ። ትከሻዬ እስኪዝል ተቀምጬ ሰማሁ፤ ሰምቼም ወደድኩት።

በመጨረሻ ተስማማን። ቤቱ አንድ ረጅም አዳራሽ ይሆናል። ምሰሶዎቹ ጭቃው ውስጥ እንዳይሰምጡ ሰፋፊ ሳንቃ ላይ ይቆማሉ። ግድግዳው ከእንጅባራ በኩል ከሚመጣ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ከሣር ይሆናል። ደሴቷ ሸክሙን ሳይከብዳት የምትሸከመው ቀላል ቤት። ሣሩን እነ እገሌ፣ ቀርከሃውን እነ እገሌ፣ ገመዱን እነ እገሌ እያልን ተካፈልን። ሣሩ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ ሥራው በጥቅምት ይጀመራል ብለን ተለያየን። ኩራቴን አልደብቅም፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ መንገዱን ሁሉ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ጋሽ ክንዱ ስልክ ደወሉልኝ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት፣ ኔትወርኩም አንዴ መጥቶ ሁለቴ የሚሄድበት ጊዜ ነበር።

«ደስ ይበልሽ ልጄ» አሉኝ። «ሕዝቡ ተነቃንቋል። ለቤቱ የማይረባረብ የለም።»

«ሣሩ ደረሰ እንዴ?» አልኩ።

ስልኩ ተቋረጠ። እኔም ደስ እያለኝ ሥራዬን ቀጠልኩ።

መንገድ እንደተከፈተ ሄድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ደሴቷ ላይ ስረግጥ በምሥራቅ በኩል፣ በእማሆይ ጎጆና በውሃው መካከል፣ አንድ ጉብታ ተነስቷል። መጀመሪያ አፈር መሰለኝ። ቀረብ ስል ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ ጠፍጣፋ፣ ድቡልቡል፣ ከእርሻ የተለቀመ፣ ከወንዝ የወጣ። ከእኔ ቁመት በላይ ተቆልሏል። ሥሩ ያለው መሬት ደግሞ ጎድጉዶ ጥቁር ውሃ አቁሯል።

ጋሽ ክንዱ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ደስ ብሏቸው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነዋ።»

«ድንጋይ መሆኑንማ አያለሁ! ማን አመጣው?»

«ሁሉም ነው ያመጣ። በፍልሰታ የመጣው ሰው ሁሉ። የቀኖና ነው ልጄ።»

ቀኖና ማለት የንስሐ አባት ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው የሚሰጠው ቅጣት ነው። ለአንዱ ስግደት ይሰጡታል፣ ለሌላው ጾም ይጨምሩበታል። ጉልበት ያለውን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ድንጋይ ተሸከም ይሉታል። የቆየ ልማድ ነው፤ በአገሩ ስንቱ የቤተ ክርስቲያን አጥር የቆመው በዚህ ነው። በፍልሰታ ሱባኤ ደግሞ ከደምበጫም ከጅጋም ሳይቀር ሰው ይመጣል፣ ይናዘዛል። የደንገላት ሰው ይህን ያህል ኃጢአት እንዳለበት አላውቅም ነበር።

የብዙዎቹ የንስሐ አባት ቄስ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ያን ሁሉ እሑድ ከጎኔ ተቀምጠው የሰሙ፣ ስዘልም ያዩኝ ቄስ ወልደ ገብርኤል! ደሜ ፈልቶ ድልድዩን በሩጫ ነው የተመለስኩት። ቤተ ልሔሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ድንጋይ አይግባ ብለን አልተስማማንም?»

«ተስማምተናል።»

«ቤቱ በድንጋይ አይሠራም አላልንም?»

«ብለናል። እኔስ ቤቱን በድንጋይ ሥሩት መች አልኩ? ድንጋይ ተሸከሙ ነው ያልኩ።»

«ተሸክመው የት ያድርሱት?»

«ወደ ሥራው ነዋ።»

ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጥርሴን ነክሼ ረጋ ብዬ እንደገና አስረዳኋቸው። ደሴቷ እየተጫነች ነው፣ ዳርቻዋ እየሰመጠ ነው፣ ያመጡት ሰዎች ይመልሱት አልኩ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ክፉ ሰው አይደሉም። አዳመጡኝ፤ ፊታቸውም ዳመነ። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይኼ እንኳ ተእጄ የወጣ ነገር ነው። ሰው ኃጢአቱን ተሸክሞ መጥቶ እዚህ አራገፈ። የተራገፈውን መልሰህ አንሳ ብዬ ልላከው? ማን እሽ ይላል? የራሱንም ያነሳ፣ የሰውንም ያነሳ፣ ይዞት ነው የሚሄድ።»

እንግዲህ ችግሩ ይኸው ነው። ድንጋዩ አንዴ ከተጣለ የሚነካው የለም። የነካው ሰው የባለቤቱ ኃጢአት ይተላለፍበታል።

ወደ ደሴቷ ተመልሼ የእማሆይን ጎጆ አየሁ። በሩ አልገጥም ብሏል። ከክምሩ አንስቶ በጎጆው ጀርባ የሚያልፍ ስንጥቅ መሬቱን ከፍሎታል፤ እጄን ስሰድበት እስከ ክርኔ ገባ። የዳርቻው ዶቅማ ወደ ውሃው ዘንበል ብሏል። ዶቅማው ከወደቀ ሥሩን ነቅሎ፣ ዳርቻውን ይዞ፣ ጎጆዋንም አስከትሎ ነው የሚሄደው። ይህን የሰበካ ጉባኤውም አይቶታል። ስንጥቁ ከዚህ ከሰፋ እናቶች በሙሉ ከደሴቷ ወጥተው ወደየዘመዶቻቸው ይሂዱ ብሎ ወስኗል። የእማሆይ ዘመድ ማለት ወንድሜ ነው። ቡሬ ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አለው፤ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮህበት። ጥሩ ልጅ ነው፣ በደስታ ይቀበላቸዋል። እማሆይ ግን ከዚያ ቤት አንድ ዝናብ የሚሻገሩ አይመስለኝም።

«እማሆይ፣ ቢወጡ ይሻላል?» አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅኩ።

«ተዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው» አሉኝ። ፊታቸውን አዙረው መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። እኔ ላይ ኩርፊያ ያለባቸው መሰለኝ። በዚያ ሰዓት ኩርፊያ የምጠይቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም።

ከጅጋ የቀን ሠራተኞች አስመጣሁ። ጎረምሶች ናቸው፤ እየተሳሳቁ፣ እየተጓተቱ ጀመሩ። አንዱ በትከሻው ትልቁን ይዞ ድልድዩ አፍ ላይ እንደደረሰ አንዲት ሴትዮ ከወዲያ ማዶ ጮሁ። «ኧረ ያንን ጣለው ልጄ! የሰው ንስሐ ነው የተሸከምከው!» ልጁ ድንጋይ ሳይሆን እባብ የያዘ ያህል ወረወረው። ጓደኞቹም ያለ አንድ ቃል እጃቸውን ሐይቁ ውስጥ ታጠቡና ሄዱ። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

እንግዲህ ራሴ አነሳለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጋሽ ክንዱ እጄን ያዙኝ። «አንች ልጅ፣ ገና ያልወለድሽ ነሽ» አሉኝ። ልስቅባቸው ይገባ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም ፈራሁ። ቀና አልኩ። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

ሌላ ምን ልሞክር? «እሺ፣ እያንዳንዱ የራሱን ያንሳ!» ብዬ ላክሁባቸው። የራስን ማንሳት ከሰው ይሻላል የሚሉ ተገኝተው ነበር። ግን ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። ሕዝቡ ለካ በፍልሰታ ሲያወርድ ሲያነሳ የከረመው ስለ ድንጋዮቹ ትልቅነት ነው። የትልቁ ድንጋይ ባለቤት ምን ቢያደርግ ነው ይህን ያህል የተጫነበት እያለ ሲያማ ከርሟል። ስለዚህ ብዙው ሰው ድንጋዩን ያመጣው ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ጋቢ ሸፍኖበት ነው። አሁን በጠራራ ፀሐይ መጥቶ «ይኼ የኔ ነው» ሊል? አንድም ሰው ዝር አላለም። ጠጠር የምታህል ድንጋይ ያመጣች ሴት እንኳ «ትንሿ የኔ ናት ብል ትልቁን ደበቀች ይሉኛል» አለችኝ።

ስለዚህ ምን ተደረገ? ስብሰባ ተጠራ! ዋርካው ሥር እንደገና ተቀመጥን። ስንጥቁ ማዶ እየሰፋ እነሱ ከአያት ዘመን ጀመሩ። አንዱ ተነስቶ ድንጋዩን እዚያው እንዳለ ብንሠራበትስ አለ። ሌላው ደሴቷን በድንጋይ ዙሪያዋን ብናጥራትስ አለ። ሌላ ድንጋይ! ሌላው ደግሞ እናቶች ለጊዜው ቢወጡና ነገሩን ጊዜ ቢፈታው ይሻላል ብሎ ብዙ ራስ በአዎንታ አስነቀነቀ። እኔ ከመናደድ አልፌ መተኛት አሰኘኝ። ሕዝብ ይምከርበት ያልኩበትን ቀን ረገምኩ።

በዚህ መሀል ከዳር የተቀመጠ ሰው «ኧረ እዩ!» አለ።

ድልድዩን አየን። እማሆይ ማርያማዊት ጎብጠው እየመጡ ነው። ጀርባቸው ላይ በነጠላ የታዘለ ነገር አለ። ከኋላቸው ሌላዋ እናት፣ ከእሷም ኋላ ሌላዋ፤ ሁሉም ድንጋይ አዝለዋል። የባሕር ዛፉ ግንድ ከሥራቸው ሲጢጥ ይላል። እማሆይ እኛ ዳር ደርሰው ጎንበስ አሉና ድንጋዩን ጠንካራው መሬት ላይ ለቀቁት። ወገባቸውን ያዙ። ከዚያ ወደ ደሴቷ ሊመለሱ ዞሩ።

ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «እማሆይ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ድንጋይ እያወጣን ነው አባ።»

«የሰው ቀኖና እኮ ነው!»

«እናውቃለን። እኛ ሙተናል። ስንመነኩስ ፍትሐት ተደርጎልን የለ? እንደ ሬሳ ተገንዘን፣ ተለቅሶልን ነው የገባን። የሞተ ሰው ላይ ኃጢአት አይጋባም።» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ሴትም ወንድም ሲመነኩስ የሙታን ጸሎት እንደሚጸለይለት ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ። እነዚህ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊቶች የአገሩን ኃጢአት በጀርባቸው እያመላለሱ፣ አገሩ ቁጭ ብሎ ያያል። አንዷ ድልድዩ መሀል ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሰው ያያል።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። መሀል ገብቼ ጮህኩ። «ለእናቶች ቤት እንሥራ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም? ይኼ ነው ቤት? ልትጦሯቸው ነው ልትቀብሯቸው? ወገብ የላችሁም? እግር የላችሁም? እኔስ፣ እኔስ ምን ሆኜ ነው እዚህ የቆምኩት!» ብዙ ነገር ተናገርኩ። ቄሱን ተናገርኩ፤ ጋሽ ክንዱን ከነጃንጥላቸው ተናገርኩ። በሽማግሌ ፊት የማይባል ነገርም ብዬ ይሆናል። እያለቀስኩ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ከአጠገቤ የነበረች ሴት ናት።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ቄስ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ካባቸውን አውልቀው ለጋሽ ክንዱ ሰጡና ድልድዩን ተሻገሩ። እማሆይ ከክምሩ ድንጋይ ሲያነሱ ቄሱ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ለኔ ይስጡኝ እማሆይ። ተእርስዎ እጅ የተቀበልኩት በረከት ነው እንጅ ሌላ አይደለም።»

እማሆይ ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ ሰጧቸው። ቄሱ ድንጋዩን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተመለሱ።

ያኔ ሰው ተነሳ። ሲነሳ ደግሞ እንዴት ነው የተነሳው! እናቶች ከክምሩ እያነሱ ይሰጣሉ፣ የመጀመሪያው ሰው ከእናቶች እጅ ይቀበላል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሰልፉ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደረሰ። የማን ድንጋይ በማን እጅ እንደሚያልፍ ማንም አያውቅም፤ ማንም አልጠየቀም። ትልቁ ድንጋይ ሲያልፍ ብቻ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ፤ ባለቤቱን ማየት እንዳይሆንበት። ሥራው እስኪያልቅ ዝናብ መጥቶ ሄደ፤ ከሰልፉ የወጣ ሰው አልነበረም።

ልባችሁ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ዳርቻው አልተናደም። ሸክሙ ከላዩ ሲነሳ ስንጥቁ መስፋቱን አቆመ። ዶቅማው እንዳዘነበለ ቀረ፤ እንዳዘነበለም አፈራ። እማሆይ ከደሴቷ አልወጡም። እኔን እስካሁን የሚያቃጥለኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ክምሩ አልቆ እማሆይ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ውስጥ አንድ ድንጋይ ቀርቷል፤ ቡጢ የምታህል፣ ልሙጥ። እኔ ከፊታቸው ቆሜ እጄን ዘርግቻለሁ። ጭቃ በጭቃ ሆኛለሁ፣ ርቦኛል፣ ደክሞኛል። እሳቸው አይሰጡኝም።

«ይስጡኝ እንጂ እማሆይ! ይቺን ጨርሰን እንረፍ።»

«ይችን አልሰጥሽም። የኔ ናት።»

አልገባኝም። «የኔ ሲሉ?»

«እኔ ያመጣኋት። በፍልሰታ።» ድንጋዩን በጣታቸው ያሻሹታል። «አባ ነው ያዘዘኝ።»

ሳቄ መጣ። «ሞተናል፣ ኃጢአት አይጋባብንም ሲሉ አልነበረም እንዴ?»

«ሙቻለሁ። ንዴቴ ግን አልሞተ።»

«በማን ነው የተናደዱት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ባንች ነዋ።»

ሳቄ ጠፋ። አጠገባቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እማሆይ ረጋ ብለው፣ ኃጢአቱን እንደሚናዘዝ ሰው ሳይሆን ያለቀ ነገር እንደሚናገር ሰው ነገሩኝ። ቤቱ እንዳይሠራ ሲጸልዩ ከርመዋል። ቀርከሃው እንዳይመጣ፣ ሣሩ እንዳይበቅል፣ እኔም መንገዱ ተዘግቶብኝ እንድቀር። የወንድሜ ልጅ ትቅርብኝ ብዬ እግዜርን መለመኔ ከበደኝና ተናዘዝኩ አሉ።

«ግን ለምን?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። «ለምን እማሆይ? ጣሪያዎ እያፈሰሰ! ለርስዎ ብዬ እኮ ነው! ያ ሁሉ እሑድ፣ ያ ሁሉ ስብሰባ! ማንን ያልጠየቅሁት አለ?»

«እኔን።»

ዋርካው ሥር የተቀመጡትን በልቤ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ገበሬው ነበር፣ ካህኑ ነበር፣ የሰንበቴው ሴቶች ነበሩ፣ ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ስለ በሩ ስፋት የተከራከሩት ሁሉ ነበሩ። መነኮሳይያት ስብሰባ አይቀመጡም፤ እኔም ይህን እያወቅሁ አንድ ቀን ድልድዩን ተሻግሬ ልጠይቃቸው አላሰብኩም። ደሴቷን ለክቻለሁ፣ ጭቃውን ፈትሻለሁ፣ ዛፉን ቆጥሬያለሁ። ውሃው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ለሁሉም አሳይቻለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚያድሩትን ግን ማንም የጠየቃቸው የለም። እንዲህ ያለ ንዴት አጋጥሞኝ አያውቅም፤ የማወርድበት ሰው የለማ። ቄሱም፣ ጋሽ ክንዱም፣ የጅጋ ጎረምሶችም አይደሉም። እኔው ነኝ።

«ምን ዓይነት ቤት ነው የሚፈልጉት?» አልኩ።

ወዲያው መለሱ። ጥያቄውን ሲጠብቁት የኖሩ ይመስላሉ። «የራሴ በር። ጠባብ ይሁን። ስዘጋው የሚዘጋ። አዳራሽ ብላችሁ ተሁሉም ጋር ተኝቼ፣ ሌሊት ስነሳ እገሊት ሰገደች፣ እገሊት አልሰገደች ሊባል? ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን ለመሆን እኮ ነው የመጣሁት ልጄ። ጣሪያው ያፍስስ፤ እሱን ለምጀዋለሁ።»

«ጣሪያውማ አያፈስም» አልኩ፤ እንባዬን በጭቃ እጄ እየጠረግሁ። «በር ለብቻ፣ ጣሪያ ለጋራ ማድረግ ይቻላል። ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ…»

«ብትጠይቂኝ።»

«እሺ! እሺ፣ ገብቶኛል!»

ድንጋዩን በእጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «በይ አሁን ውሰጅው» አሉ።

ድልድዩን ተሻገርኩ። ማዶ ሕዝቡ ደክሞት፣ ረክቶ፣ ሣሩ ላይ ተዘርሯል። ጋሽ ክንዱ የመጨረሻዋን ድንጋይ ተቀብለውኝ ከክምሩ ላይ አኖሯት።

«ይኸው አለቀ» አሉ። «እንግዲህ ንድፉ እንዳለ በጥቅምት እንጀምራለን አይደል?»

«አይደለም። ንድፉ ይቀየራል። እንደገና ምክክር አለ።»

ከሣሩ ላይ አንድ ትልቅ የምሬት ድምፅ ተነሳ። አንዱ «ኧረ የኪዳነ ምሕረት ያለሽ!» ሲል ሰማሁ። ቄስ ወልደ ገብርኤል እንኳ ግንባራቸውን ያዙ። ጋሽ ክንዱ ግን ተነስተው ጃንጥላቸውን አስተካከሉ፤ ወግ ያላቸው ሰው ናቸው።

«ይሁን እንግዲህ። ለመቼ እንምጣ?»

«እናንተ አትመጡም» አልኳቸው።

ጭቃ ያለበትን ጫማዬን አውልቄ እዚያው ተውኩትና ወደ ደሴቷ ተመለስኩ።